ሁለት ስንዝር

የሌሎች ጀልባዎች ሞተር ከኋላቸው
እንደ ውሻ ጅራት ሲወዛወዛቸው፣
የኔይቱ ግን ሌላ፣ ነገሯ በሆዷ፣
ዘንጓ ከወለል ሥር፣ ውስጥ ለውስጥ መንገዷ።
ወረታ ከተማ ሩዝ ፈልፍሎ ያረጀ
ባለ አንድ ሲሊንደር በብድር ተበጀ።

ላሜራዋን ቆርጦ የበየዳት ጓንጉል
«ሁለት ስንዝር ውሃ ይበቃታል» ቢል
ሳቅሁበት።
ግንቦት ላይ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ከዳር፣
ሌላው ተጎልቶ በጭቃ ሲታሰር፣
እሷ እንደ ዳክዬ ሆዷን እያሸች
በደንገሉ መሃል ሹልክ ብላ ወጣች።

አመለኛ ናት ግን። ግራሶ ካልጎረሰች ጠዋት
ቀኑን ሙሉ ኩርፊያ፣ ቀኑን ሙሉ ሳል አላት።
ዘንጓ በሚወጣበት ውሃ ጠብ ይል ነበር፤
ብሎኑን ሳጠብቅ ጎንበስ ብዬ ከሥር
ጓንጉል በካቻቪቴ እጄን ጠቅ አድርጎ
«ተው፣ ትንሽ ታልቅስ» አለኝ፣ «ያላነባ ዘንግ ያልቃል ነዶ።»

እንድሪስ በታንኳው በአጠገቤ ሲያልፍ
ይስቃል፦ «ያንተዋ ናፍጣ፣ የኔዋ ውሃ፣
ሁለቱም ጠጪ፤ ማን ማንን ይዝለፍ?»

ጳጉሜ ሁለት ሌሊት። ዝናቡ አባርቷል።
ጉማራ አፈሩን ሐይቁ ላይ ያስታውካል።
ዓሣው ሽቅብ ነው፣ ወደ ጠጠሩ፣ ሊራባ፤
ትልልቁ ጀልባ ከዚህ በር አይገባ፤
እኔ ግን እገባለሁ፣ ሁለት ስንዝር ብቻ!
የማኅበሩ ብድር መክፈያው መስከረም መባቻ።
አስቻለ መረቡን እንደ ሕፃን አቅፏል፣
ትንፋሹን ውጦ ዓይኔን ይጠብቃል።

ድንገት ሳል፣ ድንገት ጸጥታ።
እምቦጭ ፕሮፔለሩን ጠምጥሞት።
ወረድኩ፤ ውሃው ከጉልበቴ አያልፍም።
ክንዴን ከሥሯ ሰድጄ
የእምቦጩን ሥር ስበጥስ
አንዱ ባቴን ነካኝ። ቀጥሎ ሌላው።
ቀዝቃዛ፣ ወፍራም፣
እንደ ገበያ ሰው በትከሻ እየገፉ
ይቅርታም ሳይሉኝ በጨለማ አለፉ፤
ሁሉም ነገሩን በሆዱ ይዞ፣
ሁሉም ሁለት ስንዝር ውሃ በቅቶት።

«ልጣለው?» አለ አስቻለ ከላይ።
ከእጄ የእምቦጩ ሥር ይንጠባጠባል።
«ልጣለው ወይ?»

ስድስት ሊትር ናፍጣ ነደደ
ባዶ ማዳበሪያ ይዘን ስንመለስ።
አስቻለ ጀርባውን ሰጥቶኝ
ባሕር ዳር እስክንደርስ አልተነፈሰም።
በዘንጓ በኩል ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ብሎኑን አልነካሁትም።