የተቆራረጠ መስመር

ከሐይቁ ዳር ሆቴል፣ ተራ በተራ ፈርመን፣
አዳራሹ ገባን፤ የትናንት ሰርግ ፊኛ ከጣራ እያየን።
ለሦስት ሰዓት ነበር ስብሰባው የተጠራው፤
አራት ተኩል ሆነ፤ መድረኩ ላይ ያለው
የሙሽሮች ሶፋና አንድ የውሃ ጠርሙስ ነው።

ስሜ ይበልጣል ነው፣ ኪሴ ግን ያነሰ፣
ጂኦግራፊ አስተምሮ ጠመኔ የጨረሰ፣
ሠላሳ አክሲዮኑን በፌስታል ጠቅልሎ ሐይቅ ዳር የደረሰ።

ወርቅ እንኳ አይደለም፤ ግራጫ ድንጋይ ነው፣ ስሙ የሚያደናቅፍ፣
ለመኪና ባትሪ፣ ለሚሳይል አፍንጫ፣ ለስልክ የሚተርፍ።
ጉድጓዱን አላየሁም። አንዲት ፍንካች አምጥቶ
ደላላው ምንይችል አሳየኝ፣ ከደረት ኪሱ አውጥቶ።
ባንቺአየሁ ተቀብላ በሽንኩርት ሚዛኗ መዘነችው፤
«ከሎሚ ይቀላል» ብላ መለሰችው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርታ ሰሌዳ ላይ ስስል፣
«ልጆች፣ ድፍኑ መስመር ድንበር ነው፤
የተቆራረጠው ገና ያልተስማሙበት» ስል፣
አንድም ልጅ እጁን አላወጣም፣
«ቲቸር፣ ከተቆራረጠው መስመር ሥር ምን አለ?» ብሎ።
አሁን እኔ አለሁ።
የቁጠባ ብሬ አለ። የባንቺአየሁ አምባር አለ።

አንዱ መንግሥት ፈቃድ ሰጠ፤ ጎረቤቱ ፈቃዱን ነቀፈ፤
አንዱ ባሕር ማዶ አበደረ፤ ሌላው ባሕር ማዶ ማዕቀብ ጻፈ፤
የኛ ወረቀት በመሐል፣
ሁለት ጉማሬ ሲጣላ እንደ ደንገል ታጠፈ።

«ላም አለኝ በሰማይ» ይባላል፤ ያቺስ ቀና ቢሉ ትታይ ይሆናል።
የኔዋ ከመሬት በታች ናት፤
እሷን ለማለብ ጎንበስ ማለት አይበቃም፣
ፓስፖርት ይጠይቃል።

መጣ ሊቀመንበሩ፣ ልዑልሰገድ፣ ጫማው አብረቅርቆ፤
ሪፖርት አነበበ፣ ዕዳና ተስፋውን ባንድ ላይ ደባልቆ።
«የግልግል ዳኞች ብያኔ ለመስጠት ተቃርበዋል፤
ሁለቱ መንግሥታት በሌላ ጉዳይ ላይ ፈገግ ተባብለዋል፤
ታገሡ» አለን።
ቆጠርኩ፤ «ትዕግሥት» አጀንዳው ላይ ሦስት ቦታ ተጽፏል።

ዓሣ ነጋዴዋ ይታይሽ ከኋላ ወንበር ተነሣች፤
ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።
«ማታ የጣሉት መረብ ጧት ይሳባል፤
ባዶም ቢሆን ባዶነቱ ይታያል።
የናንተው መረብ ስድስት ዓመቱ፤ መቼ ነው የሚሳብ?»
ሰው አጨበጨበ።
ሊቀመንበሩም አጨበጨበ።

ከደጅ አንድ ወጣት ቆሟል፣ ሸሚዙ ነጭ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፤
ያንድ አክሲዮን ዋጋ ከከፈልነው አንድ አምስተኛ ነው አለ።
ለማን እንደሚገዛ አይናገርም።
ከንቱ ከሆነ ለምን ይገዛል?
ገንዘብ ከሆነስ እኔ ለምን እሸጣለሁ?
ይኼን ጥያቄ ለፈተና ባወጣው ኖሮ
መልሱን ራሴ ከመጽሐፉ ጀርባ እፈልግ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ በደንገሉ ጫፍ አለፍኩ።
ስንሻው በታንኳው እንጨት ጭኖ ይቀዝፋል፤
መቅዘፊያው ውሃውን ነክቶ ይነሣል፣ ነክቶ ይነሣል፤
ከኋላው ነጠብጣብ መስመር ይቀራል፣
ቆጥሬ ሳልጨርስ ይጠፋል።
ዓባይ ደግሞ ማዶ፣ ማንንም ሳያስፈርም፣
ከሐይቁ ወጥቶ ይሄዳል።

አሥሩን ሸጫለሁ። ሃያው ፌስታሉ ውስጥ ነው።
የአሥሩ ዋጋ የቤቴን ጣራ ግማሽ ቆርቆሮ ያለብሳል፤
ሌላው ግማሽ፣ ክረምቱ እየገባ፣
ብያኔ ይጠብቃል።

«ምን አካፈሏችሁ?» አለች ባንቺአየሁ ከደጃፍ ቆማ።
ከአዳራሹ ስወጣ የነቀልኩትን ቀይ ፊኛ ሰጠኋት።
ትንሽ ተንፍሷል።
ቢሆንም ለልጅ ልጃችን
ከበሩ እጀታ ላይ አሰረችላት።