ሰባተኛው ቀሚስ

ካሜራው መጣልን፣ ከቀረጥ ነጻ ነው፤
መብራቱም፣ ሌንሱም፤ ደብዳቤው ይኸው።
ኬላው ገመድ ጣለ፣ ፈታሹ ሳቀልን፤
ለድሬ ልጅ ይኼ ሕልም ነው የመሰለን።

ፊልሙ የሂንዲያ ነው፤ የባቡር ዘመን ሴት፣
ሰባት ቀሚስ ደራርባ፣ ከደወሌ ተሳፍራ፣
ከፉርጎ ወፍራ ወርዳ፣ ቀጥና የምትገባ ቤት።
ዛሬ አርጅታለች፤ ግን ራሷን ትሠራለች፤
ልምምድ አያሻትም፣ መደረብ ታውቃለች።

ቢሮ ተጠራሁ። ቬንትሌተሩ ይዞራል፤
አቶ ምንተስኖት ስክሪፕቴን ይገልጣል።
«ግብሩ ይቀነሳል፣ ድጋፍም ይኖራል፤
ይቺ ትዕይንት ግን...» እስክሪብቶው ይወርዳል፤
«ገጽታ ታጎድፋለች፤ ከተማው ይታማል።
ደግሞስ በዚህ ሙቀት፣ አንድ ቀሚስ ይበቃል።»

ቁጣ የለ፣ ዛቻ የለ፤ ውሃም ቀዳልኝ፤
ዕቃዬን ማረና ታሪኬን ቀረጠኝ።

ደቻቱን ተሻገርኩ፤ አሸዋው ይጋረፋል።
መገላ፣ ሂንዲያ ቤት፣ በሩ ገርበብ ብሏል።
ነገርኳት።
«አቦ!» አለች፤ ሳቀች እስኪያስላት።
«የቱን ቆረጡብህ? አምጣው እስቲ ልየው፤
የደከመው ጉልበቴ ነው እንጂ፣ ቀሚሴስ ያው ነው።»