የሐሙስ ደብተር

ሐሙስ ጧት ቢቸና፣ ሆስፒታሉ ጓሮ፣
ዝናብ ሲደበድብ የክፍሉን ቆርቆሮ፣
አሥራ ዘጠኝ ሰዎች፣ ጣት ዘርግተን ያለን፣
ዘር ያልቆጠርን ዘመድ፣ ስኳር ያዛመደን።

እኔ እህል መዛኝ ነኝ፣ ከገበያው ግንባር፣
ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽንብራ፣ በእጄ ያለፈው ክምር።
ሚዛኑን በአውራ ጣት ጫን ማድረግ አውቃለሁ፣
(እግዜር ይቅር ይበል) ገበሬ በድያለሁ።
ይች መዳፍ የማትሞላ የደም መለኪያ ግን፣
ጉቦ አትበላ ነገር፣ አታውቅ ይሉኝታን።

ሲስተር ዘመናይ ናት ደብተር ያደለችን፣
«ጧት ማታ ለክታችሁ ጻፉበት» ያለችን።
ሃምሳ ገጽ፣ ባለ መስመር፣ ሽፋኑ ላይ ቀጭኔ።
እንግዲህ ወረቀቷ ዋጋዋ አይቀመስ፤
ቁጥር መጻፍ ግን ነጻ፣ እስክሪብቶ እስኪጨርስ።
ጻፍኩላት።
መቶ አሥር። መቶ ሃያ። መቶ አሥራ አምስት።
ለዳኛ የሚቀርብ፣ ያማረ የሰው ሕይወት።

ገለጥ አርጋ አየችው፣ ደግማ ገለጠችው፣
ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አደረገችው።
«አያ ይርሳው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አርጋ፣
«ወር ሙሉ ሲመሽብህ፣ ወር ሙሉ ሲነጋ፣
ቀለሙ አልፈዘዘ፣ እጅህ አልተዛባ፣
አንድ ቀን እንኳን ሰርግ፣ ማኅበር ሳትገባ?»
ሳቁ። እኔም ሳቅኩኝ፣ ጆሮዬ እየጋለ።
አልተቆጣችኝም። «ከሚዛን ያለ ሰው
ጎዶሎውን ቁና ለራሱ ይሽጠው?»

ትሪ ሣለች በጠመኔ፣ ከፈለች በመስመር፣
ለጎመን ግማሹን፣ ለእንጀራ ሩብ ድንበር።
«መሬት ክፍፍል ሆነ!» አለ አያል ከኋላ፣
«ጎመን ሜዳውን ይዞ፣ እንጀራ ጥጉን በላ?»
ማሰሮ አወጣች፣ እርጥብ አሸዋ ያለበት፣
የመድኃኒቱ ብልቃጥ የተቀበረበት፤
«መብራት ለሌለው ቤት ፍሪጁ ይሄ ነው፣
ልጅ እንዳይነካካው፣ ፀሐይ እንዳያየው።»

አንጓች ካልሲ አወለቀች። ሁለት ጣት የለም።
«ሚስማር ነው» አለችን፣ «ሲገባም አላመም።
ሦስት ቀን ረገጥኩት፣ ደብረ ወርቅ ድረስ፣
ሳላውቀው፣ ካልሲዬን ደሙ እስከሚያርስ።»
ሁላችን ዝቅ ብለን አየን እግራችንን፣
እንደ ሩቅ ዘመድ ሳንጠይቅ የኖርነውን።

የኔታ ጓንጉል ናቸው፣ የዲማው መምህር፣
በትር ተደግፈው የተነሡት ለነገር፤
በሁዳዴ መርፌ ወግተው ሳይቀምሱ፣
ከቅዳሴ መሐል ወድቀው የተነሡ፣
ሲስተር ሄዳ ለምና የነፍስ አባታቸውን፣
አስፈትታ የመጣች የጧት ቁርሳቸውን።
ጉሮሮ ጠረጉ። ጣሉት፣ ሳያስቡት፦

«ማር ማር ስል ዕድሜዬን፣ ማር ሰጠኝ ሳይነፍገኝ፤
ተማር ያለኝ ዛሬ፣ ያኔ ነው የማረኝ።»

ሰሙን ሁሉም ሳቀ። ወርቁ ለኔ የገባኝ
ወደ ቤት ስመለስ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ፤
ሹፌሩ ዞር አለ፣ ብቻዬን ስስቅ ኖሬ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ባትሪ ብርሃን
ቀለበት ጣቴን ወጋሁ።
(አውራ ጣቴን እንዳላምነው ታውቃላችሁ።)
ቁጥሩ ብልጭ አለ፤
ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት።
መቶ ሃያ ብለው ማንም አያይብኝ፤
እጄ ትንሽ ዘገየ፣ ልማዱ ጎተተኝ።
ጻፍኩት። በእርሳስ ነው፣ እስክሪብቶው አልቋል፣
ባለፈው ውሸት ላይ ቀለሙ ፈስሷል።

ትሁኔ በትከሻዬ አጎንብሳ አየችው፣
«ደኅና ነው?» አለችኝ።
«ልክ ነው» አልኳት፣ «ልክ ነው።»