ከወገብ በላይ

እንየው ነው ስሙ። ከደምበጫ መውጫ፣
ከድልድዩ ወዲህ፣ ሳይደርሱ ተምጫ፣
የቆርቆሮ ዳስ አለው፣ ያረጀ ጎማ ነው አጥሩ፣
ዘይት ሲጠጣ የኖረ ነው የደጃፉ አፈሩ።

ሞተሬን እየገፋሁ ደረስሁ በቀትር።
ቀይ ያማሃ ናት፣ የወረዳው ንብረት፣ የደበዘዘ ቁጥር፣
ባለ ሁለት ምት፣
ቤንዚንና ዘይት ባንድ የሚያጠጧት፤
ጀርባዋ ላይ ታስሮ የናይትሮጅን ጋኔ፣
ሠላሳ ኮርማ አዝላ ስትወጣ ኖረች ለኔ።

«ቤንዚኑ ነው» አልሁት። «እነዚህ በኮዳ የሚሸጡት
ውሃ ሳይቀላቅሉ ለሰው አይሰጡት።
ደግሞ የፈረስ ቤት ውርጩስ መች ይቻላል፣
እንኳን የብረት ጉሮሮ የበሬም ይዘጋል።»

እንየው ዝም አለ። ሰው እንደ ስሙ ነው፤
አይቶ እስኪጨርስ ድረስ አንደበት የለው።

ጫማውን አወለቀ፣ ፔዳሊናዋን ረገጠ፤
እግሩ ለጋ ቅቤ እንዳገኘ ቁልቁል ሰመጠ።
«ስማ» አለኝ፣ «ደኅና ሞተር እግርህን ይመልሳል፣
እንደ ጠገበ ወይፈን አንዴ ይፈራገጣል።
ይቺ ግን እሺ ትላለች። እሺታ ነው በሽታዋ፤
ትንፋሽ መቋጠር ትቷል ደረቷ።»

ካንዴላውን ፈታ፤ ጥላሸት የጠጣ፣
እንደ ኩራዝ ክር ርሶ የወጣ።
በቀዳዳው አፍ ላይ አውራ ጣቱን ጣለ፣
«እርገጥ» አለኝ፤ ረገጥሁ። ጣቱ ንቅንቅ አላለ።
«ጣቴን መግፋት ያቃታት ዳገት ትገፋ መስሎሃል?
ስትነሣ ስትንቋቋ አልሰማህም? ፒስተኑን ቤት ሰፍቶታል።»

ከዚያ ጠየቀኝ። ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች አላለም፣
ዘይቱን በስንት ታደርጋለህም አላለም።
«ማታ ስታቆማት» አለኝ፣
«ፊቷ ወዴት ነው?»

ከሰኔ ጀምሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣
ቁልቁለት ፈልጌ ነው የማቆማት ሳድር።
የቢሮው ሜዳ ቀርቶ፣ ከጤና ጣቢያው ማዶ ጥግ፣
አፍንጫዋን ወደ ታች፣ ጎማዋ ሥር ደንጊያ ሳደርግ፤
ጠዋት ደንጊያውን አንሥቼ በሁለተኛ ማርሽ
ተንደርድራ ስትነቃ፣ «ደኅና ናት» ብዬ ለራሴው ስዋሽ።

«እንግዲያው ያን ለት ነው» አለ እንየው፣ «የታመመችው።
እግርህ አውቆ ነበር፣ አፍህ ነው የካደው።»

ሐሙስ ለት አንጓች ደወለች፣ ላሟ ኮርማ ፈልጋ፣
ስትጮኽ አድራ፣ ገና ሳይነጋ።
የላም ፈቃድ ሰዓት አለው፣ እንደ ሰው አይጠብቅም፤
እኔ ግን ከመንገዱ እኩሌታ አላለፍሁም፣
በመጀመሪያ ማርሽ፣ በነጭ ጭስ ተከብቤ፣
ኋላም ወርጄ እየገፋሁ፣ ጫማዬ ሞልቶ በላቤ።
ስደርስ ላሟ ታመሰኳለች፣ ሁሉን ነገር ትታ፤
አንጓች አልተቆጣችም። ጭሱን በእጇ ገፋችው በእርጋታ፦
«ይቺንስ ማን ያክማታል?»

እንየው ቴስታታውን አወረደው። ሥራው ከወገብ በላይ፤
ቢዬላዋን ወዘወዘ፣ «ታቹ ደኅና ነው» አለ ሲያይ።
ፋሻዎቹን አወጣ፤ አንዱ ተሰብሯል ለሁለት፣
ሌላው ፊቱ የከሳ፣ እንደ ቄስ በሕማማት።
የሲሊንደሩ ግድግዳ በጭረት ታርሷል፤
ዘይት የቆጠብሁበት ቀን ሁሉ እዚያ ተጽፏል።

«ሬቲፊካ ባሕር ዳር ነው። ፒስተኑ አንድ ቁጥር ይጨምራል፤
ስትመለስ አታስጨንቃት፣ አዲስ ፋሻ ቀስ ብሎ ይለምዳል።
ሦስት ሳምንት ያህል ዳገቱን ግማሹን በእርሷ ጉልበት፣
ግማሹን በአንተ እግር ውጣበት።»

እኔ ደግሞ ሐሙስን በጣቴ ይዤ ቆጠርሁ፤
ላሟ በሃያ አንድ ቀኗ ትጣራለች። ደረስሁ? አልደረስሁ?

የተሰበረውን ፋሻ ኪሴ ከተትሁት።
ባዶ እጄን ወደ ቤት ስሄድ በቁልቁለቱ፣
ግራ እግሬ ማርሽ ሲፈልግ ተሰማኝ፣ በከንቱ።