አነሣሁት

በየዓመቱ ኅዳር አንድ ማታ አለኝ፣
ከማድሪድ አዳራሽ ለሥራ የሚጠራኝ።
የስፔን አሰልጣኞች የሚሸለሙበት፤
አንዱ ለላይኛው ሊግ፣ አንዱ ለታችኛው፣
የሚሰጠው ዘንድሮ፣ ሒሳቡ ያምና ነው።

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ በሥዕል ነው ክፍያዬ፤
ፈገግታ ነው ሸቀጤ፣ ጥርስ ነው ገበያዬ።
ስለ ኳስ ብትጠይቁኝ፣ የማውቀው ፊት ብቻ፤
ድል የቱ ጋ እንደሚሸበሸብ፣ የቱ ጋ ነው አቻ።

የታችኛው አሸናፊ፣ ያን ዓመት፣ በስሙ
ኤላዲዮ ሳራሶላ፤ ጎበጥ ያለ አቋሙ፤
ከካንታብሪያ ጠረፍ፣ ከቪያሴርና መንደር፣
ሴቶች ዓሣ በጨው ከሚያሹበት፣ ካፊያ ከማያባራበት ሰፈር።
ወራጅ ናቸው የተባሉትን ልጆች ይዞ፣
በተጣፈ መረብ፣ በውሰት አውቶቡስ ተጉዞ፣
አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ደወሉ ተደወለ፤
የሰርዲን ፋብሪካው ፊቱን ቆርቆሮ ላይ አተመው፣ በየሱቁ ዋለ።

ይኼ ግን ያምና ነው።

ዘንድሮ ዘጠኝ ጨዋታ፤ ስድስቱን ተሸንፎ፤
ፕሬዚዳንቱ ዶን ኦሬንሲዮ አንዲት ወረቀት ጽፎ፣
ማክሰኞ ጧት፣ ኮኖቹ ሜዳ ላይ እንደተደረደሩ፣
አነሣው ከወንበሩ።
ሱቅ ውስጥ፣ በቆርቆሮው ላይ፣ ፊቱ ስቆ ያበራል፤
ከሥሩ እንደተጻፈው፣ ሊበላሽ ሁለት ዓመት ይቀራል።

የጥሪው ደብዳቤ በክለቡ አድራሻ መጣ፤
ከዶን ኦሬንሲዮ ቢሮ ከጥራጊ ጋር ወጣ።
ማልያ አጣቢዋ ኦብዱሊያ፣ እጇን አረፋ እንደሸፈነው፣
አነሣችው። ፖስታው ረጥቦ፣ ግማሽ ስሙ ነው የዳነው።

የላይኛው ቀድሞ ወጣ፤ ሽቶው ከስሙ በፊት ደርሶ፤
ሰባ ጊዜ አነሣሁት፣ ሰባ ጊዜ ያንኑ ሳቅ መልሶ።
ቀጥሎ «የቪያሴርና አሰልጣኝ» አለ አስተዋዋቂው፤
ወይ አልሰማም፣ ወይ ደግሞ ወረቀቱ ነው የማያውቀው።

ተነሣ።
እንደ ተቀያሪ ተነሣ፤ ጉልበቱን ዳብሶ፣
ስንት ደቂቃ እንደቀረ ሊያይ ወደ ግድግዳው ተመልሶ።
የነሐስ ወንበር ናት ዋንጫዋ፣ መዳፍ የምታህል፤
ትከብዳለች እንጂ ሰው አታስቀምጥ፣ ሰው አትችል።
ተናገር ቢሉት፣ «ኦብዱሊያን» አለ፣ «አመሰግናለሁ፤
ፖስታው ደርሶኛል። የተረፈውን ስሜን ይዤ መጥቻለሁ።»
አዳራሹ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት።

ያኔ ዶን ኦሬንሲዮ ከፊት ረድፍ ብድግ ብሎ፣
ክራቫቱን አቃንቶ፣ ደረጃውን ዘልሎ፣
እጁን ትከሻው ላይ ጣለ፤ ያችኑ የፈረመችውን፤
«አንሣን» አለኝ፤ «ከነዋንጫው፣ ሁለታችንን።»

ማክሰኞ ጧት እሱ አነሣው፤
ሐሙስ ማታ ተራው የኔ ነው።
ክፈፉን ጠበብ አደረግሁ፤ ትንሽ ወደ ግራ፤
ትከሻ ላይ የቀረች እጅ፣ ባለቤቷ ያልተጠራ፤
አንድ ሰው፤ አንድ ወንበር።
አነሣሁት።

በር ላይ ሲጋራ ለኮስኩለት፤ ዋንጫዋን በብብቱ ይዞ
የደብዳቤውን ነገር አወጋኝ፣ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ።
«ሥራስ?» አልኩት። «ስልኩ ዝም ነው። ጎረቤቴ ልጅ አላት፣
ግብ ጠባቂ፣ አሥር ዓመቷ፤ መወርወር ትፈራለች፤ ለእሑድ ቃል ገብቼላት…»
ሰዓቱን አየ። «አውቶቡሱ ሊነሣ ነው።»

እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ሾፌሩ ትኬቱን አይቶ
«ወንበርህ ስንት ነው?» ሲለው ሰማሁ፤ መልሱ በሞተሩ ድምፅ ጠፍቶ
ቀረ። በመስኮቱ ግን አየሁት፤ ያቺን የነሐስ ወንበር
አጠገቡ ባለው ባዶ ላይ አስቀምጦ፣ ቀበቶ ሲያስርላት ነበር።

ጋዜጣው ሥዕሌን በማግሥቱ አወጣው፤ ከሥሩ፦
«ኤላዲዮ ሳራሶላ፣ የቪያሴርና አሰልጣኝ።»
ረፋዱ ላይ ዶን ኦሬንሲዮ ደውሎ፣
«እጄን ብቻ?» ብሎ ተቆጣኝ።