በጠማማው ልክ

ራጅኮት ከተማ፣ ከአጂ ወንዝ ማዶ፣
የካርሳን ቶርኖ ቤት፣ ቆርቆሮው ተማግዶ
በግንቦት ፀሐይ።
እኔ አሥራ ስድስቴ፤ ፖፓት የሚሉኝ ልጅ፣
ዘይት የጠገበ ልብስ፣ ብረት የላጠው እጅ።

ጥፋቱ በሙሉ የኔ ነበር ያኔ።
የፓምፕ ብሎን ቆርጬ ዳዶ ሳስገባበት፣
አራት ዙር ይሄድና አምስተኛው ላይ ሙት።
"እጅህ ነው" ይላል ካርሳን፣ "እጅህ ይቸኩላል፤
ብረት የሰነፍ መዳፍ ሲነካው ያውቀዋል።"
ቆርጬ ጣልሁ። ቆርጬ ጣልሁ። ከደጃፉ ጥግ
የስህተቴ ክምር ዝገት ለብሶ ሲያድግ፣
ውራጅ ገዢው መጥቶ በሚዛን ሲሰፍረው፣
የሰው እፍረት በኪሎ ስንት እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ቶርኖው? እሱ አይነካም። ከባቡር ጋራዥ በሐራጅ የመጣ፣
ሦስት ባለሙያ ቀብሮ ለአራተኛው የወጣ።
"ማሽን አይዋሽም" ባይ ነው ካርሳን፤ የመሣሪያ በዓል ሲደርስ
ቢጫ አበባ ያስርለታል፣ ቀይ ይቀባዋል ከእግር እስከ ራስ።

ጂቪ ግን፣ ልጁ፣ ሒሳብ ያዧ፣ ብዙ የማትናገር፣
አሥራ ሁለት ብሎን ለቀመች ከኔ የውርደት ክምር።
ለካቻቸው ጎሕ ሳይቀድ፣ ብረቱ ሳይሞቅ
(ቀን ብረት ያብጣል፤ ቀን የለካ ሰው ልኩን አያውቅ)፣
ጥርስ በጥርስ፣ በማይክሮሜትር፣ ትንፋሿን ውጣ።
አሥራ ሁለቱም ያንኑ ቁጥር ይዞ መጣ፤
እዚህ ጋ ሰፋ፣ እዚያ ጋ ጠበብ።
የእጅ ስህተት እንዲህ አይደለም፤ ይዋዥቃል እንደ ልብ።
እንዲህ ቀጠሮ አክባሪ ስህተት ከሰው አይወጣም።

"ባፑ፣ ይሄ የፖፓት አይደለም። እናት ብሎኗን ተመልከት፤
ስለቱን የምትመራ እሷ፣ የጥርስ ሁሉ እናት።
ሠላሳ ዓመት ዳዶ ተመላልሶባት ወገቧ ሳሳ፤
ዘር ከልጓም ይስባል፣ ልጇ ሁሉ ያንን አይረሳ።"

ካርሳን ዝም አለ። ሻዩ ላይ ዝንብ ዋለ።
አዲስ እናት መግዣ ገንዘቡስ የት አለ?
ቢኖርስ፣ እሷስ የተቆረጠችው በሌላ ቶርኖ አይደለም?
ያስ በሌላ? ዘሩ ወደ ኋላ ሲቆጠር፣
የመጀመሪያዋ ልክ ብሎን ከማን ተወለደች?
ማንም አልመለሰም። ጂቪ ሞረድ ፈለገች።

ክንድ የሚያህል ነሐስ። ሦስት ሳምንት ሙሉ
እሷ ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ እሞርዳለሁ፣
እናት በሮጠችበት ጎድጎድ፣ በዘገየችበት ጉብ፣
ጠርዙ ከሩቅ የሚታይ የኮረብታ ሰልፍ እስኪመስል።
ከዳዶው የታሰረች ዘንግ በዚያ ጠርዝ ላይ እየዳኸች፣
ፀጉር ታህል ወደ ግራ፣ ፀጉር ታህል ወደ ቀኝ፣
እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ታባብለዋለች።
ጠማማን ቀጥ ያለ ያቀናዋል ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤
ለካ የሚያቀናው
በልኩ የጠመመ ነው።

በጠዋት ቆረጥን። ብሎኑን አቁሜ ዳዶ ከአናቱ ለቀቅሁ፤
ማንም ሳይነካው፣ በገዛ ክብደቱ፣ እየዞረ ወረደ።
አራት።
አምስት።
ስድስት።
እስከ ታች።

ክረምቱ ሳይወጣ በዚያው ቶርኖ አዲስ እናት ቆረጥን፣
ከወለደቻት የተሻለች።
አሮጊቷ በኪሎ ሄደች።
ካርሳን ይቅርታ አላለም፤ አያውቅበትም። በበዓሉ ቀን ብቻ
ቢጫ አበባ ታስሮ አየሁ፣ ቶርኖው ላይ አይደለም፣
የሞረዴ እጀታ ላይ።

ነሐሱ ዛሬም ከሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ሥራ የለው።
አዲሱ ተለማማጅ አይቶት ሳቀ፦
"ይሄን እንዲህ አጣሞ የሞረደው ማነው?"
"እኔ ነኝ" አልሁት፤ "እጄ ይቸኩላል።"