የጋራ መሬት

አጎቴ ሻልቫና አባቴ ቫርላም፣
ዘጠኝ መከር አልፏል ከተባባሉ «ሰላም»፤
ያጣላቸው ድንበር አንድ ክንድ አይሞላም።
ወይን ግን ኩርፊያቸው አይገባውም ከቶ፣
በሐምሌ ሐሩር ላይ ይቆማል አንገት ደፍቶ።

ፓምፑ የጋራ ነው፤ የውኃው በር ስምንት፣
አራቱ ወዲያ ማዶ፣ አራቱ በኛ ቤት።
አንዱ ሳይሰማ አንዱ የከፈተ 'ለት
ውኃው ጉልበት ያጣል፣
የዳሩ ረድፍ ይደርቃል።
እናቴ ማክቫላ፣ በአጥሩ ቀዳዳ፣
«ዝጋ በይው»፣ «አልዘጋም በይው»፣
ስታመላልስ ኖረች ጉልበቷ እስኪጎዳ።

ከትብሊሲ ስመጣ ለትምህርት እረፍት
ሁለት ማይክሮኮንትሮለር ይዣለሁ በኪሴ፣
ዋጋቸው ካንድ ጠርሙስ ወይን ያነሰ፤
አንዱን ለኛ ወጥ ቤት፣ አንዱን ለአጎቴ ቤት።
በየሰሌዳው ላይ ስምንት ማብሪያ፣ ስምንት መብራት፣
አራቱ ለውኃው፣ የቀሩት ትርፍ ናቸው፤
እዚህ የተጫነው እዚያ እንዲበራ ነው።

ስምንቱን ማብሪያ በአንድ ባይት ጠቅልዬ፣
ከፊት መነሻ፣ ከኋላ ማብቂያ ቢት ተክዬ፣
በሰከንድ ሦስት መቶ፣ እንደ ሽማግሌ ወግ አዝግሜ፣
የዚህን አፍ ወደዚያ ጆሮ፣
የዚያን አፍ ወደዚህ ጆሮ ዘረጋሁ።
(አፍን ከአፍ መግጠም የጀማሪ ስሕተት ነው፤
ሁለት ተናጋሪ፣ ሰሚ የሌለው።
በቤታችን አዲስ ነገር አይደለም።)

ከዚያ አበራሁት። መብራቶቹ አበዱ፤
ማንም ሳይነካቸው ጠፉ፣ ደግሞ ነደዱ፤
ሦስተኛው ሲጫን ሁለተኛው መለሰ፣
እጄን ወደ ሽቦው ሳስጠጋ ባሰ።
«የእሱኛው ነው» አለ አባቴ፣ «መዋሸት ልማዱ!»
ካጥሩ ማዶም ድምፅ፦ «የእነሱ ነው ጉዱ!»

ሌሊቱን ፕሮግራሙን ፈተሽኩ፣ መስመር በመስመር፤
ነውር የለው፣ ንጹሕ ነበር።
ሊነጋጋ ሲል ነው የገባኝ ጥፋቴ፦
ሦስተኛውን ሽቦ፣ ጥቁሩን፣ ዝምተኛውን፣
ምንም የማያወራውን፣
«መሬት» የሚሉትን ረስቻለሁ።
«አንድ» ብሎ ነገር ከመሬት ከፍታ፣
«ዜሮ»ም ራሱ መሬቱ ነው፤ መሬት ካልተስማማ
የዚህ ቤት እውነት እዚያ ቤት ጫጫታ።

ሽቦዬ አልቆ ነበር። በሌሊት ልብሱ
«ስንት ሜትር?» ብሎ ብቅ አለ ሻልቫ ራሱ።
በኮክ ዛፉ ሥር፣ በዚያችው ክንድ አፈር፣
አባቴ ሲቆፍር፣ አጎቴ ሲቀብር፣
ቃል አልተነፈሱም።
መብራቱ ግን አደብ ገዛ።

ዛሬ እራት ላይ አምስተኛው መብራት፣
ከየትኛውም የውኃ በር ያልታሰረው፣ ትርፉ፣
ሁለቴ በራ፣ ጠፋ።
አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።
«ተበላሽቷል ያንቺ ነገር» አለኝ፤
ተነሣ፣
አምስተኛውን ሁለቴ ተጫነ።